እህቴ ያልበላችው ወለድ

እዚህ አሜሪካ ከዘመድ ተበድሮ የሚከራይ ቤት የገዛ ሐበሻ ሁሉ አንድ የማይቀርለት ጥያቄ አለ። ጥያቄውን የሚያመጣው አበዳሪው አይደለም፤ አበዳሪውማ ዘመድ ነው፣ ሆዱ እያረረም ቢሆን ፈገግ ይላል። የሚያመጣው በየዓመቱ ታክስ የሚሠራልን ሰው ነው።

«ይኼ 120,000 ዶላር ከየት መጣ?»

«ከእህቴ።»

«እሺ፣ ከማን እንደመጣ ገባኝ። ግን ምንድን ነው? ስጦታ ነው፣ ብድር ነው፣ ወይስ እሷም ቤቱ ላይ ድርሻ አላት?»

ምን ብዬ ልመልስለት? በኛ ቤት ገንዘብ ከእህት ወደ ወንድም ሲሄድ ስም አይወጣለትም። ሰጠችኝ ነው የምንለው፤ ሲኖረኝ እመልሳለሁ። ቀን አይቆረጥም፣ ወለድማ ጭራሽ በአፋችን አይዞርም። እትዬ እኔ አዲስ አበባ እያለሁ የትምህርት ቤት ከፍላልኛለች። ዲቪ ሲደርሰኝ ትኬት ቆርጣልኛለች። ስመጣ ደልስ ኤርፖርት ጠብቃ ወስዳ ሳሎኗ ውስጥ ሶፋ ላይ አስተኝታኛለች። እኔም ቆይቼ እጄ ሲረዝም ለልጇ ኮሌጅ የምችለውን ያህል ደግፌያለሁ። አሁን ደግሞ አሌክሳንድሪያ የነበራትን ታውንሃውስ ሸጣ ልጇ ጋ ስትገባ፣ እጇ ላይ ከቀረው ቆንጥራ ባልቲሞር አንዲት ሮው ሃውስ ገዝቼ እንዳከራይ ሰጠችኝ። ይህን ሁሉ ደምሮና ቀንሶ ማን የማን ባለዕዳ እንደሆነ የሚያውቅ አንድ እግዚአብሔር ነው። የአሜሪካ የታክስ ሕግ ግን ሦስት ሳጥን አቅርቦ አንዱ ላይ ምልክት አድርግ ይላል።

መካሪ መቼ ይጠፋል! ሲልቨር ስፕሪንግም ሂዱ ፎልስ ቸርች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠው ሁሉ የታክስ ሊቅ ነው። አንደኛው ወገን «ዝም በል» ባይ ነው። «ማን ያውቅብሃል? እኔን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» ይላል፣ አለመጠየቁን እንደ ፈቃድ ቆጥሮት። ሁለተኛው ወገን «ስጦታ ነው በልና ተገላገል» ይላል። ሦስተኛው ከቲክቶክ የተመረቀ ነው፤ ጥያቄው ምንም ይሁን ምን መልሱ «ኤልኤልሲ ክፈት» ነው። ጥርሴን አመመኝ ብትሉትም ኤልኤልሲ ክፈቱ ሳይላችሁ አይቀርም።

የዝምታውን ወገን እንኳ በመጠኑ እረዳዋለሁ። የብድር ዋናው ገንዘብ ለተበዳሪው ገቢ አይደለም፤ ሲመለስም ለአበዳሪዋ ገቢ አይደለም። እስከዚህ ድረስ በእርግጥ ለማንም የሚነገር ነገር የለም። ጣጣው የሚመጣው ቤቱ የሚከራይ ሲሆን ነው። ኪራዩን ካስታወቅን ወጪያችንን መቀነስ እንፈልጋለን፤ ከወጪዎቹ አንዱ ደግሞ ወለድ ነው። ወለድ ለመቀነስ ብድር መኖር አለበት፤ ብድር አለ ለማለት አበዳሪ መጠራት አለባት። ዝምታው የሚያዋጣው ኪራዩንም ዝም ላለ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሌላ ቀን እሮሮ ነው።

የስጦታው ምክር ግን ያበሽቀኛል፤ ሰው እስር ቤት የሚያስገባ ምክር በማኪያቶ ዋጋ ነው የሚሰጠው። ባንክ ሞርጌጅ ከመስጠቱ በፊት የሁለት ወር የሒሳብ መግለጫ ያገላብጣል። ደመወዝ የማይመስል ዳጎስ ያለ ገንዘብ ካየ ምንጩን ይጠይቃል። (ዕቁብ የደረሰው ሰው ለባንክ ሠራተኛ ዕቁብ ምን እንደሆነ ሲያስረዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መግቢያ ቢያስከፍሉበት እከፍላለሁ።) ዘመድ ነው የሰጠኝ ካላችሁ ዘመዳችሁ «ይህ ስጦታ ነው፣ እንዲመለስልኝ አልጠብቅም» ብሎ የሚፈርምበት ደብዳቤ ይመጣል። ስንቱ እህትና ወንድም ነው በጓሮ «በየወሩ ይኼን ይኼን ያህል እልክልሻለሁ» ተባብሎ በፊት ለፊት ያን ደብዳቤ የፈረመው! የባንክ ብድር ለማግኘት እያወቁ ሐሰት መናገር በፌዴራል ሕግ እስከ 30 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር መቀጮ ያለበት ወንጀል ነው። ይህን ማኪያቶ ላይ የሚያነሣው የለም። ደብዳቤው የሚሠራውም ለሚኖሩበት ቤት ነው፤ ለማከራየት በሚገዛ ቤት ላይ ፋኒ ሜይ የተባለው ድርጅት በሚገዛቸው ብድሮች የስጦታ ገንዘብ ጭራሽ አይፈቀድም። ከኛ ሰው አንዳንዱ ባንኩን ትቶ ከዘመድ አዝማድ አሰባስቦ ባልቲሞር በካሽ የሚገዛው ወዶ አይደለም።

ደግሞስ እውነት ስጦታ ቢሆን? ተቀባዩ ምንም አይከፍልም፤ የሚመለከተው ሰጪዋን ነው። በ2025 (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) አንድ ሰው ለአንድ ሰው በዓመት እስከ 19,000 ዶላር ምንም ሳያስታውቅ መስጠት ይችል ነበር። ከዚያ ካለፈ ቅጽ 709 የሚባል ወረቀት ይሞላል። ታክስ አይከፈልበትም፤ በዕድሜ ልክ ከተፈቀደው ላይ (በ2025 13.99 ሚሊዮን ዶላር ነበር) ይቀነሳል እንጂ። ዕድሜዋን በሌሊት ተረኛ ነርስነት የጨረሰች ሴት ከ13.99 ሚሊዮኗ ላይ ስንት እንደቀራት በቅጽ ስታስታውቅ ይታያችሁ። የኔ ችግር ግን ሌላ ነው፤ ስጦታ ከሆነ በየወሩ የምልክላት ምንድን ነው? እኔም ለእሷ ስጦታ እየሰጠኋት ነው? ውሸት አንዴ ከጀመሩት በየወሩ መታደስ ይፈልጋል።

ብድር ነው ተባለ። ተገላገልን? የለም። ብድር ከሆነ ወለድ አለው፤ ወለድ የለውም ብትሉም አለው!

የሚያንገበግበኝ ይኼኛው ነው። አይአርኤስ (የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) በየወሩ የሚያወጣው ዝቅተኛ የወለድ ተመን አለ፤ ታክስ የሚሠሩት ኤኤፍአር ይሉታል። እስከ 3 ዓመት ለሚቆይ ብድር አንድ ተመን፣ እስከ 9 ዓመት ለሚቆይ ሌላ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ ሌላ። ዘመድ ከዚያ ባነሰ ካበደረ፣ ወይም እንደ እትዬ በነጻ ካበደረ፣ ሕጉ ያልተባለውን ወለድ ራሱ ያሰላዋል። ተመኑ 4.5 በመቶ ነው እንበል፤ በ120,000 ላይ በዓመት 5,400 ዶላር ይመጣል። እኔ ይህን 5,400 ለእትዬ እንደከፈልኳት፣ እሷም መልሳ በስጦታ እንደሰጠችኝ ይቆጠራል። አንዲት ሳንቲም ከኪስ አልወጣችም። እትዬ ግን የወለድ ገቢ አግኝተሻል ተብላለች። 22 በመቶ እርከን ላይ ካለች ለፌዴራል 1,188 ዶላር፣ ቨርጂኒያ ነዋሪ ስለሆነች ደግሞ በ5.75 በመቶ ለስቴቱ 310 ዶላር ገደማ ትከፍላለች። እኔስ? ያልከፈልኩትን 5,400 ከኪራይ ገቢዬ ላይ በወጪነት ልቀንሰው እችላለሁ። ደግ ያደረገችው ትገብራለች፣ የተደረገለት ይቀንሳል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

እንዲያውም «ከ10 ዓመት በኋላ በአንድ ጊዜ እመልስልሻለሁ፣ እስከዚያ ያለ ወለድ» ብንባባልና ብንፈርም ይብሳል። ከ10 ዓመት በኋላ የሚመለስ 120,000 ዛሬ ሲመነዘር 77,000 ገደማ ነው ያለው ይባልና ልዩነቱ፣ 43,000 ዶላር አካባቢ፣ ገና ከመነሻው ስጦታ ይሆናል። ቅጽ 709 በሌላ በር ገባ ማለት ነው።

ይኼ ጣጣ የመጣው በሌሎች ቤተሰብ ጦስ ነው። ፖል ዲክማን የሚባል የፍሎሪዳ ሰው ከባለቤቱ ከኤስተር ጋር ሆኖ ከ1971 እስከ 1976 ለልጃቸው ለላይልና አርቴዥያን ፋርም ለሚባል የቤተሰቡ ኩባንያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያለ ወለድ ያበድራል። ሰውየው በ1976 ሲሞት አይአርኤስ ሒሳቡን ይመረምርና «ወለድ አለመጠየቁ ራሱ ስጦታ ነው» ይላል። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በፌብሩዋሪ 1984 ዋና ዳኛው ዋረን በርገር በጻፉት ውሳኔ፣ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ፣ መንግሥት ረታ። ያን ጊዜም ሰው ሁሉ የጠየቀው ጥያቄ ነበር፤ ታዲያ ነገ ልጄን መኪናዬን ባውሰው፣ የዕረፍት ቤቴ ውስጥ ባሳድረው ስጦታ ልትሉት ነው? ዳኞቹ መንግሥት እንዲህ ያለውን የቤተሰብ ነገር እየተከታተለ ሰውን ያስጨንቃል ብለን አንጠብቅም አሉ። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ቁጥር 7872 የተባለውን አንቀጽ አወጣ፤ በስጦታ ታክሱ ላይ የገቢ ታክሱን ጨመረበት። አንድ የፍሎሪዳ ባለጠጋ ለልጁ ባበደረ፣ ከ40 ዓመት በኋላ ያበሻ ነርስ ዳፋው ደረሳት።

በሕጉ ውስጥ ምሕረት አለ ይባላል። እውነት ነው፤ በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ብድር ሁሉ ተደምሮ ከ10,000 ዶላር ካላለፈ ሕጉ አይነካውም። ግን ምሕረቱ ጭራ አለው፤ ገንዘቡ ገቢ የሚያመጣ ንብረት መግዣ ከሆነ አይሠራም። ለሰርግ ተበደሩ፣ ነጻ። ለመኪና ተበደሩ፣ ነጻ። ለሚከራይ ቤት መግዣ ከሆነ 5,000 ብትበደሩም ነጻ አይደላችሁም። ሰርግ ላይ የሚበተነው ታዝኖለት ቤት ላይ የሚውለው ይቀጣል። ቁጥሩን ደግሞ እዩት። 10,000 የተባለው በ1984 ነው። የያኔው 10,000 ዛሬ ከ30,000 በላይ ነው፤ ሕጉ ላይ ግን እንደተጻፈ ተቀምጧል። የዓመቱን የስጦታ ጣሪያ በ2002 11,000 አድርገውት ነበር፣ ዛሬ 19,000 አድርሰውታል። የዕድሜ ልኩንም ከ2026 ጀምሮ 15 ሚሊዮን አደረጉት። የባለጠጋውን ጣሪያ በየጊዜው የሚያነሣ እጅ የኛይቱ ላይ ሲደርስ ይዝላል።

100,000 ዶላር ላይም ሌላ ደጃፍ አለ። ብድሩ እስከ 100,000 ከሆነ፣ በአበዳሪዋ ላይ የሚታሰበው ወለድ ተበዳሪው በዓመቱ ከኢንቨስትመንት ካገኘው የተጣራ ገቢ አይበልጥም፤ ያ ገቢ ከ1,000 ዶላር ካላለፈ ደግሞ እንደ ዜሮ ይቆጠራል። ጥሩ አይደል? እትዬ 100,000 ብቻ ብትሰጠኝ ኖሮ በዚህ በር ለመግባት እንሞክር ነበር። እሷ ግን የቤቱን ጣሪያ አየችና «ይኼማ ክረምት አያሳልፍም» ብላ 20,000 ጨመረችልኝ። ደግነቷ ነው ከደጃፉ ውጭ ያስቀረን። ይኼም ቁጥር በ1984 የተቀመጠ ነው፤ ባልቲሞር ውስጥ ያኔ በ100,000 ስንት ቤት ይገዛ እንደነበር ሽማግሌ ጠይቁ።

የሙስሊም ጓደኛዬ ጉዳይ ደግሞ ከኔ የባሰ ነው። ወለድ መስጠትም መቀበልም በሃይማኖቱ ክልክል ስለሆነ ከባንክ ሸሽቶ ከአጎቱ ተበደረ። አጎትየው ሐራም ብለው ያልነኩትን ወለድ ተቀብለዋል ተብለው ይገብሩበታል። «ኃጢአቱን ሳልሠራ ግብሩን ከፈልኩ» ይላሉ ሰውየው።

ስለዚህ ወረቀት ይሻላል ተባለ። የብድር ውል፣ ወለዱ በዚያ ወር ተመን፣ የመክፈያ ሰሌዳ፣ ፊርማ። ቢያንስ ወለዱ እውነተኛ ይሆናል፤ እሷ የምትገብረው የተቀበለችውን፣ እኔ የምቀንሰው የከፈልኩትን ይሆናል። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ሁለት ገጽ አዘጋጅቶ ሰጠኝ። «ቀላል ነው፣ አስፈርማት» አለ። እሱ ምን አለበት!

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ ጋ ሄድኩ። ቡና ተፈልቷል። አቦሉን በዝምታ ጠጣሁ፤ ቶናው ሲቀዳ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች። የመጀመሪያዋን መስመር አነበበች። መነጽሯን አወለቀች።

«አበዳሪ የሚለው እኔን ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ተበዳሪው አንተ?»

«አዎ።»

«ምን አደረግሁህ?»

«ኧረ ምንም! ለታክስ ብቻ ነው።»

«ወለድ ይላል እዚህ። እኔ ከእናቴ ልጅ አራጣ ልበላ?»

«አራጣ አይደለም፤ መንግሥት ያወጣት ትንሿ ናት።»

«ካወጣው መንግሥት ራሱ ይብላው።»

ልጇ ከኩሽና ብቅ ብላ «ማሚ፣ ዝም ብለሽ ሳይን አድርጊለት» አለች። እትዬ ልጇን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ስኒዋን አስቀመጠች። «ነገ ብሞት ይኼን ወረቀት ይዘው ይጣሉህ ብለህ ነው?» አለች። ፈረመች፤ ግን በረካው ሳይቀዳ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲያ ስደውል ለጊዜው የምታነሣው ልጅቷ ነበረች።

ለምን እንዲህ አስፈለገ ለሚል፦ ሲመረመር የሚታየው ወረቀቱ ብቻ አይደለም። የተፈረመ ውል አለ ወይ፣ ወለድ ተቆርጧል ወይ፣ የመክፈያ ቀን አለው ወይ፣ መያዣ አለ ወይ፣ ተበዳሪው መክፈል የሚችል ሰው ነበር ወይ፣ በእርግጥስ ከፍሏል ወይ፣ ሳይከፍል ሲቀር አበዳሪዋ ጠይቃዋለች ወይ። ባጭሩ፣ እህትና ወንድም እንደማይተዋወቁ ሰዎች ሆነው ካልተገኙ አይታመኑም። በባዕድ መካከል የሚደረገው ብድር እንደ ብድር ይቆጠራል፤ በዘመድ መካከል ያለው ግን ንጹሕነቱን እስኪያስመሰክር ስጦታ ነው ተብሎ ይጠረጠራል።

ከተፈረመ በኋላስ ያልቃል? በየወሩ ቀን ሳይዛነፍ በዜል መላክ አለብኝ፤ ማስታወሻው ላይ «ለዓመት በዓል» ሳይሆን «የብድር ክፍያ» ተብሎ መጻፍ አለበት። እትዬ የምትልክልኝ የልብ ቅርጽ ከዚያ በታች ሲመጣ ያሳፍረኛል። ታክስ ሲሠራ የኔ ወለድ ስኬጁል ኢ ላይ፣ የባንክ ሞርጌጅ ወለድ ከሚጻፍበት 12ኛው መስመር ዝቅ ብሎ፣ «ሌላ ወለድ» በሚለው 13ኛው መስመር ይገባል። የእሷ የወለድ ገቢ በዓመት ከ1,500 ዶላር ስለሚያልፍ ስኬጁል ቢ ላይ ይዘረዘራል። ባንክ ቢሆን ኖሮ በጃንዋሪ 1098 የሚባለውን ቅጽ ይልክ ነበር፤ እትዬ ባንክ ስላልሆነች አይጠበቅባትም። እና በየዓመቱ ደውዬ «እትዬ፣ ዘንድሮ የከፈልኩሽ ወለድ ይኼን ያህል ነው፣ ለታክስ ሠሪሽ ንገሪው» እላታለሁ። «ወለድ ላክብኝ፣ ታክስ ላክብኝ፣ ሌላስ ምን ትልክብኛለህ?» ትላለች።

ለራሳቸው መኖሪያ የተበደሩትማ ሌላ መከራ አለባቸው። የመኖሪያ ቤት ወለድ የሚቀነሰው ብድሩ በቤቱ ዋስትና ተይዞ፣ መያዣውም ካውንቲው መዝገብ ውስጥ ከገባ ነው። ውል ብቻውን አይበቃም። ቆይቶ ላስመዝግብ ላለ ደግሞ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የመመዝገቢያ ታክስ ይጠብቀዋል። ከዱባይ ወይ ከጅዳ ከእህቱ የተበደረም አለ። እሷ የአሜሪካ ነዋሪ ስላልሆነች፣ ነጻ የሚያደርጋትን ሁኔታ አሟልታ በወረቀት ካላረጋገጠች በስተቀር፣ ከወለዱ 30 በመቶውን ቀንሶ ለአይአርኤስ የማስገባት ግዴታ የተበዳሪው ነው። ሰው ቤት ውላ ያጠራቀመችውን ለወንድሟ ያዋሰች ልጅ «ቅጽ ደብሊው 8 ቤን ሙዪ» ስትባል ምን እንደሚሰማት እናንተ ገምቱ።

አልከፍል ያለ ዘመድ ሲገጥምስ? ይኼ ነው የበዛው ግፍ። አበዳሪዋ ጠፋብኝ ያለችውን ገንዘብ እንደ አጭር ጊዜ የካፒታል ኪሳራ ልታስቆጥር ትችላለች። ሌላ የካፒታል ትርፍ ከሌላት ግን ከደመወዟ ላይ መቀነስ የምትችለው በዓመት 3,000 ዶላር ነው። ይኼም ቁጥር ከ1978 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። እኔ ሙልጭ አድርጌ ብክዳት እትዬ 120,000ውን ቀንሳ ለመጨረስ 40 ዓመት ይፈጅባታል። አሁን ጡረታ ልትወጣ ነው። እሱንም ለማግኘት ብድሩ እውነተኛ ብድር እንደነበረ፣ ለማስመለስም የሚቻላትን እንደሞከረች ማሳየት አለባት። «ወንድምሽን ጠይቀሽዋል? በጽሑፍ? ጠበቃ ይዘሻል?» መባሏ ነው። ሽማግሌ ልኬበታለሁ ብትል በየትኛው መስመር እንደሚሞላ አላውቅም። የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ነው ይባላል፤ ይኼ ሕግ ደግሞ ጥሉን በማስረጃነት አቅርቡ ይላል።

ሁሉም ሰው እንዲህ ይሰቃያል እንዳትሉ። ይኼው ሕግ ጠበቃ ላለው ሰው ጥሩ መሣሪያ ነው። ቀን ተቆርጦለት የተፈረመ ብድር ተመኑ የሚያዘው ብድሩ በተሰጠበት ጊዜ ነው። በ2020 መጨረሻና በ2021 መጀመሪያ የረጅም ጊዜው ተመን ከ2 በመቶ በታች ወርዶ ነበር። ያኔ የነቃ ባለጠጋ ለልጁ ሚሊዮኖች በዚያ ተመን ለ20 እና ለ30 ዓመት አበድሮ፣ ልጁ ቤቱንም ሕንፃውንም ገዝቶ፣ ትርፉ ያለ ስጦታ ታክስ ልጁ እጅ ቀርቷል። ሁሉም በሕግ ነው። በ2023 መጨረሻ ተመኑ ወደ 5 በመቶ ሲጠጋ የነሱ ውል አልተነቃነቀም። እኛ ወረቀቱን የምንሸሸው ፍቅር ያጎድላል ብለን ነው፤ እነሱ በወረቀት ተፋቅረው ይኖራሉ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሕጉ ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም፤ ግን ለዲክማን ቤት የተሰፋ ልብስ ለኛ በየትኛውም ወገን ልክ አይሆንም።

በቅርቡ ታርቀናል፤ እትዬ ስልክ ማንሣት ጀምራለች። ባለፈው ደወለችልኝና «አስቤበታለሁ» አለች። «በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ልማርህ። 19,000 ይቻላል አላልክም?» ታክስ የሚሠራልኝን ሰው ጠየቅሁት። ይቻላል፤ ግን ከመጀመሪያው ልትምረኝ አስባ ከነበረ አይአርኤስ ነገሩን ያኔውኑ እንደ ስጦታ ያየዋል፤ ከ1977 ጀምሮ የያዘው አቋም ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ የተነጋገራችሁት ነገር እንዳይሆን አለ። ይኼን ልነግራት ስደውል ተነጋግረናል ማለት ነው። ነገርኳት።

«እሺ፣ ይሁን» አለች። «እንግዲያው ስሞት ይቅር ተብሎለታል ብዬ ለልጄ እናገራለሁ።»

በቃል አይሆንም እትዬ፤ ያልተከፈለው ብድር የውርስሽ ንብረት ነው፣ ልጅሽ ትጠይቀኛለች፣ እሷ ባትጠይቀኝ ሌላ ወራሽ ይጠይቀኛል። ኑዛዜ መጻፍ አለበት፤ የተለመደው ደግሞ በሁለት ምስክር ፊት መፈረም ነው አልኳት።

«ወረቀት ነው?»

«ወረቀት ነው።»

ስልኩን ዘጋችብኝ።